ሁዳዴን የያዙ ባክቴሪያዎች

በዚህች ዓለም ላይ ከፖሊስ ውሻ የበለጠ የሚያሸት ፍጡር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሁዳዴን የያዘ አበሻ ነው! ኧረ አትቆጡ... እኔም ሁዳዴን የምይዝ አበሻ ነኝ፤ የማወራው ስለ ራሴም ጭምር ነው። ሌላ ጊዜ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ተሰልፈን ታክሲ የምንጠብቅ፣ አፍንጫ ይኑረን አይኑረን የማናስታውስ ሰዎች፣ ጾሙ አንድ ሳምንት ሲሞላው አራተኛ ፎቅ ላይ የተሰበረ እንቁላል ምድር ቤት ሆነን እናሸታለን። ማን እንደሰበረው ጭምር!

ይህን የደረስኩበት በሳይንስ ነው፤ የከፈልኩበት ደግሞ በስሜ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል አይደል? የእኔ ስም ግን መቃብር እስክገባ እንኳ አልጠበቀኝም። ዘንድሮ በሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት ከአቃቂ በሰቃ ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ወደቀ። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ላውጋችሁ።

ቃሊቲ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ትንሽ ያልኩት በትሕትና አይደለም፤ ኮሌጁ የአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ምድር ላይ ጎሚስታ አለ፤ አንደኛ ፎቅ ፈርኒቸር ቤት፤ ሁለተኛ ፎቅ የሙሽራ ልብስ ኪራይ፤ ከዚያ እኛ። ጎማውን አስነፍቶ፣ አልጋውን ገዝቶ፣ ቬሎውን ተከራይቶ ጉልበት የተረፈው ሰው ነው ወደ እውቀት የሚወጣው። ላብራቶሪያችን አንዲት ክፍል ናት። ባክቴሪያ የምናሞቅበት ማሽን የምንለው ከፈርኒቸር ቤቱ ያሠራነውን፣ ውስጡ አምፖል የተንጠለጠለበትን የእንጨት ሣጥን ነው። እንግዳ ሲመጣ ‘ኢንኩቤተር’ እንለዋለን፤ እንግዳ ሲሄድ ሣጥኑ ይባላል።

በዚህች ክፍል ውስጥ የምናጠናው ባክቴሪዮፋጅ ነው። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ባክቴሪያን የሚበላ ቫይረስ ማለት ነው። እኛን ባክቴሪያ ያሳምመናል፤ ባክቴሪያን ደግሞ ፋጅ ያሳምመዋል። ፈጣሪ ለሁሉም አለቃ መድቦለታል ማለት ነው። የሚገኘው ባክቴሪያ በበዛበት ሲሆን፣ ባክቴሪያ የሚበዛው በቆሻሻ ውሃ ነው። እንግዲህ በዚህ በኩል አቃቂ የታደለች ናት! ድልድዩ ሥር ወርዶ፣ አፍንጫን ይዞ፣ በፕላስቲክ ቀድቶ መምጣት ነው።

ሌንሳ የምትባል ተማሪ አለችኝ። ቤተሰቦቿ አሁን የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ያርሱ የነበሩ ናቸው። እኔ ደግሞ የምኖረው እዚያው ኮንዶሚኒየም ነው፤ እንደ ሌንሳ አነጋገር ከሆነ መኝታ ቤቴ የአባቷ የሽምብራ ማሳ ነበር። (ይቺን ሽምብራ ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች!) ልጅቷ ከጥቅምት ጀምራ የወንዝ ውሃ ስታጣራ፣ ስትበጠብጥ፣ ስትደፋ ከርማ አንድ ቀን ተሳካላት። ነገሩ እንዲህ ነው። ባክቴሪያውን ክዳን ባላት ትንሽ ሰሃን ላይ ስትዘሩት እንደ ነጭ ነጠላ ሰሃኗን ይሸፍናታል፤ ፋጅ ካለበት ግን ብል እንደበላው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። የሌንሳ ሰሃን ተበሳሳ! ፋጅ ያገኘ ሰው ስም የማውጣት ወግ አለውና ‘ጅቦ’ አለችው። የዚያን ቀን ያለቀሰችው ለቅሶ፣ እኔም ሰው ሳያየኝ ያለቀስኩት፣ እስካሁን ይታወሰኛል።

ሰኞ ጠዋት ዲናችን መጣ።

“ዓርብ ገምጋሚዎች ይመጣሉ” አለኝ። “ላብራቶሪ ብላችሁ በያዛችሁት ክፍል ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ማየት እንፈልጋለን ብለዋል። ከሌለ ክፍሉ ለአካውንቲንግ ይሰጣል።”

“ጅቦ አለ እኮ!”

“ይታያል?”

“በዓይን እንኳ አይታይም...”

“እንግዲያው የለም” ብሎኝ ሄደ።

የሌንሳ የድሮ ሰሃኖች ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። ጅቦ ራሱ ፍሪጅ ውስጥ በብልቃጥ ተቀምጧል፤ ቫይረስ ነውና ቢራብም አይሞትም። ቀዳዳውን ለማሳየት ግን ትኩስ ባክቴሪያ ያስፈልጋል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ይራባል። የባክቴሪያ ምግብ የሆነው ከውጭ የሚመጣው ዱቄት አልቋል፤ ቢታዘዝ የሚደርሰው አካውንቲንጎች ተመርቀው ከወጡ በኋላ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ገለጥኩ። መጽሐፉ ምን አለኝ መሰላችሁ? ‘ጮማ የሌለው ግማሽ ኪሎ የበሬ ሥጋ ቀቅለህ መረቁን አጥልል።’

ሥጋ! በሁዳዴ!

ሌንሳ ፈተና ላይ ነበረች፤ ስለዚህ እኔው ወጣሁ። የአካባቢው ልኳንዳ ሁሉ በሩን ጥርቅም አድርጎ ጾም ይዟል። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ብዬ እስከ አቃቂ በሰቃ ሄድኩና ሰኢድ የሚባል ሰው ልኳንዳ ተከፍቶ አገኘሁ። ዘንድሮ ደግሞ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመዋል፤ እሱም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። ሁለት የተራቡ ሰዎች አንድ ብልት ሥጋ መካከላችን አንጠልጥለን ተፋጠጥን።

“ለጥብስ ነው ለወጥ?” አለኝ።

“ለመቀቀል... ለባክቴሪያ ነው።”

“ማነው እሱ?”

“ሰው አይደለም። ትንንሽ... በዓይን የማይታዩ ናቸው።”

ሰኢድ ቢላውን አስቀምጦ ዓይኔን አየኝ። አየኝና አዘነልኝ። “ወንድሜ፣ እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ ጠያቂ አይደለሁም። አላህ ይሸሽግህ” አለና ሥጋውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በፌስታል ከቶ፣ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል ከተተልኝ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ግማሽ ኪሎ ይበቃቸዋል?” አለኝ።

ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ፌስታሉን እግሬ ሥር ቀበርኩ። ገና አንድ ፌርማታ አልሄድንም፣ ከኋላ አንዲት ሴት “ኧረ ምን ይሸታል?” አሉ። ከፊት አንድ ሽማግሌ “ሥጋ ነው” አሉ፣ ወደኋላ ሳይዞሩ። አጠገቤ ያለው ወጣት ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ሳበና “ሽንጥ ነው” ብሎ ፈረደ። እናንተዬ፣ እውነትም ሽንጥ ነበር! ረዳቱ መስኮቱን ከፍቶ “ማነው ሥጋ የያዘ? ኧረ በእናታችሁ፣ ጾም ነው!” እያለ በየወንበሩ ሥር ይፈልግ ጀመር።

እኔ ከሁሉም በላይ አፍንጫዬን ይዤ ዙሪያዬን በመጸየፍ እመለከታለሁ። ሌባ ራሱ ‘ሌባ ሌባ’ ይላል ሲባል ሰምቼ አውቅ ነበር፤ እንዲህ እንደሚቀል ግን አላውቅም ነበር። ያኔ ከኋላዬ አንድ ጣት ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ።

“አንተ የወርቅነሽ አማች አይደለህም እንዴ?”

ዞር ስል እትዬ አልማዝ! ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ የሕንፃችን ሬዲዮ ጣቢያ እትዬ አልማዝ። አትፍረዱብኝና፣ “አይደለሁም” ብዬ ካድኩ።

“ውይ፣ ይቅርታ። ትዕግሥት ደህና ናት?”

“ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን!” አልኩ።

አያችሁት አይደል? ትዕግሥት ሚስቴ ናት። በዚያው ቅጽበት ረዳቱ ፌስታሉን ከእግሬ ሥር ጎትቶ ወደ ላይ አነሳው፤ ደሙ ጋዜጣውን አልፎ፣ ሁለቱን ፌስታሎች አልፎ ጠብ አለ። ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ሁሉ አማተቡ። “ባዮሎጂ ነው!” ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ በላይ የሚያዋርድ ቃል በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም።

ወሬው ኮሌጅ እስክደርስ አልጠበቀም። እትዬ አልማዝ ስልካቸውን አውጥተው ሲደውሉ ግማሽ ኪሎ የነበረው ሥጋ ሳሪስ ሲደርስ ሁለት ኪሎ ሆነ፤ ኮዬ ፈጬ ሲገባ ሙሉ በግ ሆኖ ነበር። የበሬ ሥጋ መንገድ ላይ እንዴት በግ እንደሚሆን ሳይንስ እስካሁን አያውቅም።

ሌንሳ ፈተናዋን ጨርሳ ጠበቀችኝ፤ ሥጋውን ከተፍን፣ ስቶቩ ላይ ጣድን። መረቁ ገና መንተክተክ ሲጀምር የሕንፃው ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የመጣው ከምድር ቤት ጎሚስታው ነው። ሦስት ፎቅ በደረጃ ወጥቶ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ድስቱን ድስቱን እያየ፣ “መምህር፣ እዚህ ጎማ የተነፈሰበት ሰው አለ እንዴ?” አለኝ። ቀጥሎ ከሁለተኛ ፎቅ ቬሎ አከራዩዋ መጡ፤ “ሽታው ቬሎዬ ላይ ገብቶ ሙሽራ ምን ልትል ነው?” ብለው ሊቆጡ መጥተው ሳይቆጡ ለረጅም ጊዜ ቆሙ። በመጨረሻ ዲናችን መጣ። በሩን ከፍቶ ዓይኑን ጨፈነ፤ ፊቱ ላይ በአስተዳደር ሥራ ላይ እያለ አይቼበት የማላውቀው ሰላም ወረደ። ወዲያው ግን ነቃና፣

“ይሄ ኮሌጅ ነው ሥጋ ቤት?” አለ።

“ለባክቴሪያ ነው!”

“አካውንቲንጎች ይሻላሉ! እነሱ ቢያንስ አይቀቅሉም!”

እኔና ዲኑ በዚህ ስንካሰስ፣ ጎሚስታውና ቬሎ አከራዩዋ ዳር ቆመው ሲሸመግሉን፣ በሩ ላይ አማቴ ወይዘሮ ወርቅነሽ ቆመው አየን። ከኮዬ ፈጬ በሁለት ታክሲ መጥተዋል፤ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ሦስት ፎቅ ወጥተዋል። አማቴ የባቡር ሠራተኛ ሚስት ሆነው አቃቂ ያረጁ፣ አሁን ከእኛ ጋር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድም ጾም ያልገደፉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይቆጡ ሴት ናቸው። ድምፅ ከፍ የማያደርግ ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ያስፈራል።

“ሻንጣዬን አሰናድቻለሁ” አሉኝ ቀስ ብለው። “ሳሪስ የትዕግሥት እህት ጋ እሄዳለሁ። ሁዳዴን ከሚገድፍ ሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር አላድርም።”

“እማማ፣ እኔ አልበላሁም! የሚበሉት ባክቴሪያዎቹ ናቸው!”

“የት አሉ?”

“አይታዩም...”

አማቴ ወደ ዲናችን ዞሩ። ዲናችን ወደ ጣራው አየ። ያኔ ሌንሳ ጣልቃ ገባች። የደረቀችውን አሮጌ ሰሃን ከመሳቢያ አወጣችና በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘችላቸው።

“እማማ፣ ይሄን ይዩልኝ። ይሄ ነጩ ባክቴሪያው ነው። ቀዳዳው ደግሞ አንድ ነገር የበላው ቦታ ነው።”

አማቴ መነጽራቸውን አደረጉ። ለረጅም ጊዜ አዩ። “ብል ነው” አሉ።

“እንደሱ ይበሉት። እኔ ነኝ ያገኘሁት። ዓርብ ይሄን ለገምጋሚዎቹ ካላሳየን ክፍሏን ይወስዱብናል፤ ከጥቅምት ጀምሮ የሠራሁት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው” አለች። ልጅቷ አለቀሰች። አማቴ በአንድ እጃቸው ሰሃኗን እንደያዙ በሌላው አቀፏት። ቬሎ አከራዩዋም አለቀሱ፤ እሳቸው ሙሽራ ባዩ ቁጥር ስለሚያለቅሱ ለምደውታል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ድስቱን ማንም አላየውም።

መጀመሪያ የሸተተው ለጎሚስታው ነው፤ የተቃጠለ ጎማ መስሎት ወደ ታች ሮጠ። መረቁ ተንኖ አልቆ፣ ሥጋው ከድስቱ ሥር ጋር አንድ አካል ሆኖ ከስሏል። የቀረነው አምስት ጾመኞች ከሰሉን ከበን ቆምን። ለሥጋ እንዲህ ዓይነት የኅሊና ጸሎት የተደረገበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ሁለተኛ ግማሽ ኪሎ ልግዛ ብል ረዳቶቹ ሁሉ አውቀውኛል፤ ዲኑም “ዳግመኛ ሥጋ በዚህ በር አይገባም” ብሎ ማለ።

አማቴ የሌንሳን እንባ በነጠላቸው ጠርገው፣ “ሽሮ አይበሉም?” አሉ።

እኔ ሳቅሁ። የተማረ ሰው ሳቅ ታውቁታላችሁ አይደል፣ ያቺ በአፍንጫ የምትወጣዋን። “እማማ፣ ባክቴሪያ ሽሮ አይበላም።”

“ለምን አይበላም?” አለች ሌንሳ በድንገት። “ቲቸር፣ የሚፈልጉት ፕሮቲን አይደል? ሽምብራ እኮ ነው!”

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው በሽምብራ ተረታሁ።

አማቴ ሳሪስ መሄዳቸውን ለጊዜው ተዉት፤ “ዓርብን ልይና” አሉ። ማክሰኞ ጠዋት በምሳ ዕቃ አንድ ኪሎ የሚሆን ሽሮ አስይዘው ላኩኝ። የእሳቸው ሽሮ ማለት የዋዛ አይደለም! በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው... ክዳኑን ሲከፍቱት ዓይን ያስነባል። በጠበጥን፣ አፈላን፣ አጠለልን፣ ሰሃን ላይ አረጋን፣ ባክቴሪያውን ዘራንበት፣ ሣጥኑ ውስጥ ከተትን። ረቡዕ ጠዋት ስንከፍት ሰሃኖቹ ቀይ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ባዶ! አንድ ባክቴሪያ እንኳ አልተረፈም። ነጭ ሽንኩርቱ ፈጅቷቸዋል።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ አማቴ በር ላይ ጠበቁኝ።

“በሉልኝ?”

“እማማ... እንዴት ልበልዎ... ሽሮዎ ገደላቸው።”

“የእኔ ሽሮ? የእኔ ሽሮ ሰው ገድሎ አያውቅም!”

“ሰው አይደሉም። ጣፋጭ ስለሆነ ነው። ቅመም የሌለው ይፈልጋሉ።”

“ነጭ ሽንኩርት የሌለው?”

“አዎ።”

“በርበሬስ?”

“እሱም ይቅር።”

“ኮረሪማ?”

“እማማ...”

አማቴ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። “ምስኪኖች!” አሉ ከልባቸው። “እነዚህ ፍጥረቶች ምን በድለው ነው?”

እንዲህ ብለው ተነሡና ከወፍጮ ቤት መጥቶ ገና ያልተቀመመውን የሽምብራ ዱቄት ሰፈሩልኝ። ዕቃውን ሲያስጨብጡኝ ወዲያና ወዲህ አይተው፣ “ይሄን ወርቅነሽ ሰጠችኝ ብለህ ለሰው እንዳትናገር፤ ስም አለኝ” አሉኝ። የእኔን ስም ሚኒባስ ውስጥ ትቼ ለመጣሁት ለእኔ ይሄን ማለታቸው ትንሽ ከበደኝ፤ ግን ዋጥኩት።

ሐሙስ በሽምብራው ሰሃን ላይ ባክቴሪያውንና ጅቦን አብረን ዘራን። ዓርብ ጠዋት ሌንሳ ሣጥኑን ልትከፍት ቀረበችና ተመለሰች። “ቲቸር፣ እርስዎ ይክፈቱት” አለችኝ። እኔም ብቻዬን አልደፈርኩምና ሁለታችንም አንድ ላይ ከፈትነው። ሰሃኑ ነጭ ሆኗል። ነጩ ላይ ደግሞ ቀዳዳ፣ ቀዳዳ፣ ቀዳዳ! ጅቦ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላ አድሯል። ሌንሳ እልል አለች፤ ከታች ቬሎ አከራዩዋ ምክንያቱን ሳያውቁ ተቀበሏት።

ገምጋሚዎቹ ሁለት ነበሩ። ትልቁ፣ መነጽር ያደረጉት፣ ገና ከበሩ አፍንጫቸውን ቀሰሩ።

“ጥቆማ ደርሶናል” አሉ። “እዚህ በጾም ሥጋ ይቀቀላል ተብሏል። ተማሪዎች ይበላሉ፤ በግም ታርዷል ይባላል።”

በጉ እዚህም ደርሷል ማለት ነው!

ስቶቩ ላይ የተረፈ የሽምብራ መረቅ ነበር። ሰውዬው ክዳኑን አንሥተው ወደ ድስቱ አጎነበሱ፤ ሳቡ፤ ደግመው ሳቡ። “ሽሮ ነው” አሉ በቅሬታ። ከዚያ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ “ነጭ ሽንኩርት የለውም” አሉ። ሁዳዴ! ምን ላድርግህ ሁዳዴ!

“እሺ፣ ሕይወት ያለው ነገር የታለ?”

ሌንሳ ሰሃኗን ሰጠቻቸው።

“ይሄ ቀዳዳ ነው” አሉ ገምጋሚው።

“አዎ።”

“እኛ ሕይወት አሳዩን አልን እንጂ ቀዳዳ አሳዩን አላልንም።”

ዲናችን አንገቱን ደፋ፤ አካውንቲንጎች ወንበራቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ የቆሙ መሰለኝ። ሌንሳ ግን አልደነገጠችም። “ጌታዬ፣ ነጠላዎ ተበስቶ ቢያገኙት ‘ቀዳዳ አለ’ ብለው ብቻ ይተዉታል? ማን በላው ይላሉ እንጂ! ይሄ ነጩ ሕያው ነው። ይሄን ሕያው ነገር የሚበላ ሌላ ነገር ከአቃቂ ወንዝ አገኘሁ። ያሳደግናቸው ደግሞ በሽምብራ ነው። አባቴ ሽምብራ ሲያርስ ነው ያደግኩት፤ መሬቱ አሁን ፎቅ ሆኗል። ሽምብራ ሰው እንደሚያኖር አውቅ ነበር፤ ላብራቶሪ እንደሚያኖር ግን ዛሬ አየሁ” አለች።

ትልቁ ገምጋሚ ሰሃኗን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዘው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። ከዚያ ለጓደኛቸው፣ “ጻፍ፤ ክፍሉ ላብራቶሪ ነው” አሉት። ሊወጡ ሲሉ ደግሞ ዞር ብለው፣ “ያ ሽሮ ግን... እንደዚያ አይሠራም” ብለው ሄዱ። ሌንሳን አቅፌ አለቀስኩ፤ አሁን ሰው አየኝ አላየኝ ግድ አልነበረኝም።

ቤት ስገባ የአማቴ ሻንጣ ተፈትቷል። ጥያቄ ግን ቀርቷቸዋል።

“ባክቴሪያዎቹስ እሺ፣ ሽሮ በሉ፤ ጾሙ። ያ ጅቦ የምትሉት ግን ባክቴሪያውን ይበላዋል። ባክቴሪያ ሥጋ ነው ቅጠል?”

“ሁለቱንም አይደለም እማማ።”

“እንግዲያው ጅቦ ይጾማል ወይስ ይገድፋል?”

ያን አሮጌ መጽሐፍ ገለጥኩ፤ ስለ ጾም የሚያወራ ምዕራፍ የለውም። አማቴም እኔን ተስፋ ቆርጠው የንስሐ አባታችንን ጠየቁ። አባታችን ጢማቸውን እየዳበሱ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ “ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ይሄስ ከእኔ በላይ ነው፤ ለፈጠረው ይተዉለት” አሏቸው።

ሰፈሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተወኝም። በደረጃው ሳልፍ ወሬ ይቆማል። እንደው ሁላችንም ጾመን ከረምን እንላለን እንጂ፣ በዚያ ሁዳዴ በሕንፃችን የእኔ ሥጋ ሳይበላ የዋለበት ቀን አልነበረም። አንድ ቀን ታዲያ አማቴ ከበር ላይ እትዬ አልማዝን ሲያነጋግሩ ሰማሁ፤ “የእኔ አማች ሥጋ አልበላም። ሊበሉ የነበሩት ባክቴሪያዎቹ ናቸው፤ እነሱም ንስሐ ገብተው ሽሮ ላይ ናቸው” ይሉ ነበር። ከሠርጌ ቀን ወዲህ ‘የእኔ አማች’ ሲሉኝ ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ ደረጃው ላይ ቆሜ ትንሽ ቆየሁ።

ፋሲካ ደረሰ። በማግስቱ ሰኞ ባክቴሪያዎቹን ላያቸው ወደ ኮሌጅ ልወጣ ስል አማቴ ትንሽ ድስት በጨርቅ አስረው አቀበሉኝ።

“ምንድን ነው እማማ?”

“የሥጋ መረቅ ነው። ሽንኩርት የለውም፣ በርበሬ የለውም፣ ኮረሪማ የለውም” አሉ በኩራት፣ ትምህርቱ እንደገባው ተማሪ። “እነሱስ ፍጥረት አይደሉ? ያን ሁሉ ቀን ጾመው ዛሬ ይፈስኩ እንጂ!”

ድስቱን ታቅፌ ታክሲ ገባሁ። ወዲያው መረቁ ከክዳኑ ሥር እየተረጨ ልብሴን አራሰኝ። እየተሳቀቅኩ ግራ ቀኝ አየሁ። ማንም! አንድ ሰው እንኳ አፍንጫውን አላነሣም፤ ታክሲው ሁሉ ከትላንት ጀምሮ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። አጠገቤ ማን ተቀምጠው ነበር በሉኝ... እትዬ አልማዝ! መረቁ ቀሚሳቸው ላይ ጠብ ሲል ነው ያወቁኝ።

“ምንድን ነው የያዝከው?”

አሁንስ አልክድም ብዬ ቆረጥኩ። “የሥጋ መረቅ።”

“ለማን?”

“ለባክቴሪያዎቹ።”

እትዬ አልማዝ ፊታቸው በራ። ጉልበቴን መታ መታ አድርገው፣ “እሰይ! እንኳን ለጾመ ፍቺው አደረሳቸው በልልኝ!” አሉ።

“አሜን፣ እነግራቸዋለሁ” አልኩ። ፍሪጁ ውስጥ ጅቦ ባክቴሪያዎቹን እየጠበቀ እንደሆነ ግን ለእትዬ አልማዝ አልነገርኳቸውም... በዓል ነዋ!